የንግድ ክርክር ጠበቃ ሆኖ በወሎ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ሰዎች ያቀርባሉ። አንደኛው ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ቦታ በሕግ ተመርቆ የወጣ ወጣት ነው። ሁለተኛው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ባቲ ላይ ሱቅና መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። ወጣቱ «ሥራው ያዋጣል ወይ?» ይላል። ነጋዴው «ገንዘቤን ታስመልስልኛለህ ወይ?» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው ሆን ብዬ ነው። ወጣቱ የነጋዴውን ጥያቄ ካላወቀ ጠበቃ አይሆንም፤ ነጋዴውም የጠበቃውን ሥራ ቢያውቅ ቶሎ ይመጣል።

የንግድ ክርክር ጠበቃ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

ያነባል። ውል፣ ደረሰኝ፣ የባንክ እስቴትመንት፣ የጭነት ሰነድ፣ የቴሌግራም መልእክት ያነባል። ከዚያ ክስ ወይም መልስ ይጽፋል። ችሎት ፊት የሚቆምበት ሰዓት ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። መጥሪያ ሳይደርስ ቀርቶ ቀጠሮ የሚለወጥበት ቀንም ሞልቷል።

ጉዳዮቹ የአካባቢውን ንግድ ተከትለው ይመጣሉ። ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደብና ፋብሪካዎች ስላሉ የአቅርቦት፣ የጭነትና የመድን ክርክር አለ። በሚሌ በኩል ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ጎድሎ ሲገኝ ባለመኪናው፣ አስጫኙና መድን ሰጪው እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ደሴ ላይ የጅምላ ነጋዴና የቸርቻሪ የዱቤ ሂሳብ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የተቋራጭና የአሠሪ ጠብ ይበዛል። የወንድማማቾች ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። አባት ሲሞት የውርስ ክርክሩና የአክሲዮን ክርክሩ ተደባልቆ ይመጣል፤ እናት መካከል ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?

የሕግ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድና የፈቃድ ፈተና ዋናዎቹ ናቸው። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉን ፍትሕ ቢሮ ትጠይቃላችሁ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው የሚገዛችሁ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ይኸው አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ በር ከፍቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠበቃ ለየብቻው ነበር። ዝርዝር መስፈርቱን ከወሬ ሳይሆን ከቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቡ።

መጀመሪያ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ብሆን ይሻላል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ። የወረዳ ዳኛ ሆኖ ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው መጥፎ ክስ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሠላሳ ገጽ የተጻፈ ክስ ዳኛውን ምን ያህል እንደሚያሰለች በራሱ አይቶታል። የባንክ ወይም የፋብሪካ ነገረ ፈጅ ሆኖ መጀመርም መልካም ነው። ሌላው ቢቀር ውል ከመጣላት በፊት እንዴት እንደሚዘጋጅ ታያላችሁ።

የትኞቹን ሕጎች ጠንቅቄ ልወቅ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል ክፍል፣ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እና የንግድ ሕጉ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ይሳሳታሉ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከወጣ በኋላ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ጨርሶ የቀረ ይመስላቸዋል። አልቀረም። የማጓጓዣ፣ የመድን፣ የሚተላለፉ የንግድ ሰነዶችና የባንክ ሥራ ክፍሎቹ አሁንም ይሠራሉ። ስለዚህ የማኅበርተኞችን ጠብ በአዲሱ፣ የቼኩን ጉዳይ በአሮጌው ትከራከራላችሁ። ሁለቱም መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ።

የሰበር ውሳኔዎችንም አትርሱ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። ደሴ ላይ የተቀመጠ ዳኛም ከዚያ መውጣት አይችልም። ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን ቅጾች ያላነበበ ጠበቃ ግማሽ ሕግ ይዞ ነው የሚከራከረው።

ልምድ ያለውን ጠበቃ ከጀማሪው የሚለየው ምንድን ነው?

የመጀመሪያ ጥያቄው።

ጀማሪው «ውል አላችሁ?» ብሎ ይጀምራል። ልምድ ያለው «ተከሳሹ ምን አለው?» ይላል። ቤት አለው? መኪና በስሙ ነው? ሱቁ በሚስቱ ስም ነው? ባንክ ያለበት ዕዳ ስንት ነው? ፍርድ ወረቀት ነው፤ ገንዘብ የሚሆነው በአፈጻጸም ነው። ሁለት ዓመት ተከራክሮ ረትቶ፣ ባለዕዳው ንብረቱን ሁሉ ሸጦ አዲስ አበባ መግባቱን የሰማ ነጋዴ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አንድ ጊዜ ያየ ጠበቃ ይህን ጥያቄ አይረሳም።

ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ ክሱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስባል። ባለዕዳው ንብረት እያሸሸ ከሆነ ከፍርድ በፊት ይከበርልኝ (ተይዞ ይቆይልኝ) ብሎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 መሠረት ያመለክታል። ንብረቱ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይተላለፍ በቁጥር 154 እግድ ይጠይቃል። ማመልከቻው በማስረጃ መደገፍ አለበት። «ሊሸሽ ይችላል ብዬ እፈራለሁ» ማለት ብቻውን ዳኛ አያሳምንም። ደላላ ጋር ቤቱን ለሽያጭ ማቅረቡን የሚያሳይ ነገር ግን ያሳምናል።

ንብረቱ ለባንክ በመያዣ የተሰጠ ከሆነም ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የያዘውን መያዣ የፍርድ ቤት ፍርድ ሳያስፈልገው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እናንተ ገና ክስ መስማት ላይ ሳላችሁ ቤቱ ተሽጦ ሊያልቅ ይችላል።

አንዳንዴ የዚህ ሁሉ መልስ «አትክሰስ» ነው። ደንበኛው ይናደዳል። ሌላ ጠበቃ ጋርም ይሄዳል። ይሂድ።

«ውል አልጻፍንም፣ በእምነት ነው የሰጠሁት» የሚል ደንበኛ ይረታል?

ወሎ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚጠየቅ ጥያቄ የለም። ሰው በቃሉ ነው የሚገበያየው። ማሾ በኩንታል፣ ከብት በቁጥር፣ ጨርቅ በጥቅል ተሰጥቶ «ሲሸጥ ትሰጠኛለህ» ተብሎ ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይሠራ ዕለት ነው ወደኛ የሚመጣው።

ሕጉ እዚህ ላይ ልዩነት አለው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ በጽሑፍ ወይም ባለዕዳው በፍርድ ቤት በማመን ወይም በመሐላ ነው የሚረጋገጠው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472ን አንብቡ። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የምሳ ዋጋ ነው፤ ቁጥሩ ግን እዚያው አለ። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ ግን በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አልተባለም። ሃያ ኩንታል ጤፍ በዱቤ የሸጠ ሰው ጫኙን፣ ሚዛን ያዡንና የጎረቤት ባለሱቁን በምስክርነት ማቅረብ ይችላል።

ችግሩ ሰዉ ሁለቱንም «አበደርኩት» ነው የሚለው። ጤፍ ሸጦም «አበድሬው ነበር» ይላል። ጠበቃው ደንበኛው ያለውን እንዳለ ክሱ ላይ ከጻፈው መዝገቡ በማስረጃ ክልከላ ይወድቃል። ስለዚህ ረጋ ብሎ መጠየቅ ነው። «ሐጂ፣ የሰጡት ገንዘብ ነው ወይስ እህል? ዋጋው ያን ቀን ተቆርጦ ነበር?» ብድርን ሽያጭ አድርጎ መጻፍ ውሸት ነው፤ አይደረግም። ሽያጭን ብድር ብሎ መጻፍ ግን የደንበኛን መብት መጣል ነው።

ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አብረው ነግደው ምንም ያልጻፉ ከሆነ ደግሞ የእሽሙር ማኅበር፣ ማለትም ለሌላው ሳይገለጥ የሚቋቋም ሽርክና፣ ጥያቄ ይነሳል። ያን ጊዜ ትርፉ ብቻ ሳይሆን ኪሳራውም ይከፈላል። ይህን ስትነግሯቸው ድንገት «አይ፣ እኔ እንኳ ያበደርኩት ነው» የሚሉ አሉ።

ቼክ ይዣለሁ፤ ባንኩ «ስንቅ የለውም» አለኝ። ቀላል ጉዳይ አይደለም?

ከሌላው ይቀላል። ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በሂሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለው፣ ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ያስቀጣል። በፍትሐ ብሔሩ ደግሞ በአጭር ሥነ ሥርዓት፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት መክሰስ ይቻላል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም። ለመከላከል እንዲፈቀድለት በቃለ መሐላ ምክንያቱን ማሳየት አለበት።

ግን ቼክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰነድ አይደለም። ጊዜው የሚቆጠረው በወራት ነው። ሰዉ «ወንድሜ ነው፣ ይከፍላል» እያለ ዓመት ያስቀምጠዋል። ሌላው የተለመደ ክርክር «ቼኩን የሰጠሁት ለመያዣ ነው» የሚለው ነው። ቼክ ስትቀበሉ ለምን እንደተሰጠ በሌላ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ማስጻፍ ብዙ ነገር ያድናል።

የዕዳ ክስ ጊዜ ያልፍበታል?

ያልፍበታል። ልዩ ሕግ ከሌለ የውል ክስ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ባለዕዳው በመካከል ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ከፊሉን ከከፈለ፣ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ለወጣት ጠበቆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሳም። ተከሳሹ ማንሳት አለበት። ይህን መቃወሚያ ረስቶ በፍሬ ነገሩ ላይ ብቻ የተከራከረ ጠበቃ ደንበኛውን በገዛ እጁ ባለዕዳ ያደርገዋል።

ሽማግሌ እያለ ጠበቃ ለምን ያስፈልጋል?

ሽማግሌውን አልጠላም። ወሎ ላይ አበጋር (የአገር አስታራቂ) ደም ያደርቃል፤ ሼሁና ቄሱ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነጋዴ ያስታርቃሉ። ዓመት የሚፈጅ ክርክር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲያልቅ አይቻለሁ። ነገ ተመልሰው የሚገበያዩ ሰዎች ከሆኑ ሁልጊዜም መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ እላለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከቡናው በኋላ ነው። «በሦስት ጊዜ ይከፍላል» ተብሎ ይመረቃል፤ አይጻፍም። የመጀመሪያውን ይከፍላል፤ ሁለተኛውን ያዘገያል፤ ሦስተኛው ይቀራል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታሟል፣ ሌላው ሐጅ ሄዷል። ስለዚህ ጠበቃ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ ስምምነቱን ይጻፍ። መጠኑ፣ ቀኑ፣ ባይከፍልስ ምን ይሆናል የሚለው ይግባበት፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ። ክስ ከተጀመረ በኋላ የታረቁ ከሆነ ዕርቁን ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ለትልልቅ ውሎች የግልግል ዳኝነት አለ። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሥርዓቱን ዘርግቷል። ዋጋው ግን ለባቲ የከብት ነጋዴ አይመችም።

ከጦርነቱ በኋላ የመጡ ክርክሮች እንዴት ይታያሉ?

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሱቅ ተዘረፈ፣ ፋብሪካ ተጎዳ፣ የቢሮ ሰነድ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በየመዝገቡ ላይ አንድ መከላከያ በዛ፤ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል»።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ከነዚህ ምክንያቶች መካከል ይጠቅሰዋል። ስለዚህ መከላከያው አለ። ግን ጦርነት ስለነበረ ብቻ ሁሉም ዕዳ አይሰረዝም። ውሉን እንዳይፈጽም በፍጹም የከለከለው ጦርነቱ ራሱ መሆኑን ባለዕዳው ማሳየት አለበት። ማስረከቢያ ቀኑ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የነበረ ሰው በጥቅምት የገባውን ጦርነት ምክንያት ማድረግ ይከብደዋል። የዋጋ መናርም አይበቃም። ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል። ሲሚንቶና ብረት ጨመረ ብሎ ግንባታውን ጥሎ የሄደ ተቋራጭ ይህን ቁጥር ይጠላዋል።

መጋዘኑ ተዘርፎ መድን ሰጪውን ለመክሰስ የመጣም ብዙ ነው። መጀመሪያ ፖሊሲውን ከነትንንሽ ጽሑፉ አምጡ። የመድን ውሎች ጦርነትን ብዙ ጊዜ ከሽፋን ያስወጣሉ።

ሰነዱ የተዘረፈበት ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ። ውሉ በጽሑፍ መሆን የነበረበት ቢሆንም እንኳ፣ ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ከተረጋገጠ በምስክር ማስረዳት ይፈቀዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2003 ተመልከቱ። ስለዚህ ሁለት ደረጃ አለ። በቅድሚያ ሰነዱ እንደነበረና እንደጠፋ ታስረዳላችሁ፤ ቀጥሎ ይዘቱን። የቀበሌ ወይም የፖሊስ የዝርፊያ ማስረጃ፣ የባንክ ዝውውር፣ የሌላኛው ወገን ቅጂ ሁሉም ይረዳል።

ከሰስኩ እንበል፤ ወለድና ካሳ አገኛለሁ?

ውላችሁ ላይ ካልተባለ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ከዋጋ ንረቱ ጋር ስታወዳድሩት ባለዕዳው ለምን እንደማይቸኩል ይገባችኋል።

የቀረ ትርፍ መጠየቅ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ነጋዴ ለግብር አንድ ደብተር፣ ለራሱ ሌላ ደብተር ይይዛል። ለግብር «ሥራ የለም» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ፍርድ ቤት መጥቶ «በወር ግማሽ ሚሊዮን አተርፍ ነበር» ሲል፣ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ የግብር ማስታወቂያው እንዲቀርብ ያስደርጋል። ከዚያ በኋላ ችሎቱ ውስጥ የሚሆነውን ዝምታ ለመግለጽ አልሞክርም። ይህን ለደንበኛው ቀድሞ መንገር የጠበቃው ግዴታ ነው።

ሂሳብ የማላውቅ ከሆነስ?

ተማሩ። የጥሬ ገንዘብ ፍሰትና ትርፍ የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ ጠበቃ የሂሳብ ባለሙያ ምስክርን መስቀለኛ መጠየቅ አይችልም።

ደሴ ሆኜ ከአዲስ አበባ ጠበቃ እኩል መሥራት እችላለሁ?

በአንዳንዱ እንዲያውም ትበልጣላችሁ። ዕቃውን፣ ወቅቱን፣ ሰዉን ታውቃላችሁ። ከሚሴ ላይ ችሎቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ስለሆነ ቋንቋውን የምታውቁ ሰዎች ትልቅ ጥቅም አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይን በውክልና እንዲያዩ ስላደረገ የፌዴራል ጉዳይም ደጃችሁ ይመጣል። የየትኛው ሥልጣን እንደሆነ ሳትለዩ ክስ ካስገባችሁ ግን ገና በመቃወሚያው ይመለስባችኋል።

የሚከብደው ርቀቱ ነው። ወደ ፌዴራል ሰበር ስትሄዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫም ባሕር ዳር ነው። የጉዞውን ወጪ ከክፍያ ውሉ ላይ ለይታችሁ ጻፉት።

ገቢውስ?

ያልተስተካከለ ነው። ጥሩ ወር አለ፣ ባዶ ወር አለ። የሚያረጋጋው ቋሚ ደንበኛ ነው፤ ለአንድ ፋብሪካ ወይም ለጅምላ ነጋዴ የሕግ አማካሪ መሆን። የጥብቅና ክፍያ ሁልጊዜ በጽሑፍ ውል ይሁን። የሰውን ውል በየቀኑ እየጻፈ የራሱን ክፍያ በቃል የሚስማማ ጠበቃ ሞልቷል።

ሁለቱንም ወገን የማውቅ ከሆነስ?

ደሴ ላይ ሁለቱንም የማታውቁበት ጉዳይ ብርቅ ነው። ማወቅ አይከለክልም። ከዚህ በፊት የአንዱን ምስጢር በጠበቃነት ሰምታችሁ ከሆነ ግን በእሱ ላይ አትቁሙ። ዕድር ላይ ቂም መያዙን ልመዱት።

«ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጠበቃ ልያዝ?

አትያዙ። ለተቃራኒ ወገንም ያንኑ ሊል ይችላል።

ጠበቃ ቢሮ ስመጣ ምን ልያዝ?

ፌስታል ሙሉ ወረቀት ቢሆንም ሁሉንም። አይጠቅምም ያላችሁትን ጭምር፤ የሚጠቅመውን የሚለየው ጠበቃው ነው። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፤ ቅጂ ስጡ። ስልካችሁ ላይ ያለውን መልእክት አታጥፉ፤ ስልክ ከቀየራችሁ አሮጌውን አትሽጡት። የከፈላችሁበት የባንክ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የማኅበር ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፉ ይምጣ። የምስክሮቻችሁን ስምና አድራሻ ጻፉ። ለባለዕዳው ከመደወላችሁና «ጠበቃ ይዣለሁ» ከማለታችሁ በፊት ኑ። ከደወላችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ኑ፤ እግድ የሚጠየቅ ከሆነ ማመልከቻውን ማታውኑ እንጽፈዋለን።